አጥር ያልነበረው ሜዳ አጣሪ አላጣም!

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሳ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ አለው። የርስት ማረጋገጫ የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ግብር አልገበረበትም። ግን የእሱ ነው። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ወትፎ ኳስ የሰፋበት፣ ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ ጎል ያለበት፣ ጉልበቱ ተልጦ እናቱ ዘንድ እየተደበቀ የገባበት ሜዳ!

የእኔም ሰፈር ሜዳ ነበራት። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነው። ቢሆንም ጠዋት ሯጭ፣ ከሰዓት በኋላ ሕፃናት፣ እሁድ ደግሞ ቦርጫቸው የወጣ አባወራዎች ይራወጡበታል። ሰው ሲሞት የዕድር ድንኳን ይተከልበታል። ሲዳር ዳስ ይጣልበታል። ለመስቀል ደመራ፣ ለፋሲካ የበግ ገበያ ነው። ባለቤቱ ማነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። የሁላችንም ነበራ!

ታዲያ አንድ ማለዳ ብንነሳ ሜዳው የለም። ቆርቆሮ ብቻ! ዙሪያውን ተገርግዷል። በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ "ማነው ያጠረው?" ብንለው "እኔ እንጀራዬን ነው፣ ወረዳ ጠይቁ" አለን። ወረዳ ሄድን፤ "ከበላይ ነው፣ ክፍለ ከተማ ጠይቁ" ተባልን። ክፍለ ከተማ ስንሄድ የሚመለከታቸው ሰው "ስብሰባ ላይ ናቸው"። በማግስቱም ስብሰባ። በሳምንቱም ስብሰባ። በመጨረሻ የዕድራችን ዳኛ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ "እንግዲያው አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋምልን" ብለው ማመልከቻ አስገቡ። መልስ መጣ። "ጉዳዩ በአጣሪ ተይዟል" ይላል። እውነታቸውን ነው እኮ! በአጣሪ ነው የተያዘው፤ በቆርቆሮ አጣሪ!

ከወራት በኋላ ቆርቆሮው ተነሳ። ሐቁን ለመናገር ያየነው ነገር ያምራል። አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ሣር፣ ዙሪያውን የሽቦ መረብ፣ ለማታ መብራት። ግን በሩ ላይ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ላይ ሰው አለ። ሰውየው እጅ ላይ ደግሞ የሰዓት ሒሳብ አለ። ከፍሎ የሚጫወተው ከሌላ ሰፈር በመኪና ይመጣል። የእኛ ልጆች በሽቦው ቀዳዳ ዓይናቸውን ያስገባሉ። ኳሳቸውን ይዘው ወደ አስፋልቱ ወረዱ፤ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፉ ነው የሚጫወቱት። ጉድ እኮ ነው ጎበዝ!

ሜዳ እንዴት ይሞታል?

ይህ የእኔ ሰፈር ጉድ ብቻ ከሆነ ጋዜጣ ባላጣበብኩ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሰፈርህን አስብ። ሜዳ በአንድ ቀን አይሞትም፤ ሥርዓት አለው።

መጀመሪያ ቆሻሻ ይደፋበታል። የሚያነሳ የለም። ቀጥሎ "የወንበዴ መሰብሰቢያ ሆነ" የሚል ወሬ ይናፈሳል። ሦስተኛ፣ "ለልማት የተከለለ ቦታ" የሚል ሰሌዳ ይቆማል፤ ምን ልማት፣ የማን ልማት፣ መቼ የሚያልቅ ልማት? ሰሌዳው አይናገርም። አራተኛ ቆርቆሮ። አምስተኛ ዘበኛ። ስድስተኛው ላይ መንገዱ ይለያያል። አንዱ ሜዳ መኪና ማቆሚያ ይሆናል፣ አንዱ የብሎኬት ማምረቻ፣ አንዱ ሕንፃ፤ ዕድለኛው ደግሞ በሰዓት የሚከራይ ሜዳ። ልጁ ግን በሁሉም መንገድ ውጪ ነው።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ሜዳውም የመንግሥት ሆነ፤ ቀበሌ የሚባል አዛዥም ተሾመለት። ቀበሌ ክፉም ደግም ሠርቷል፣ ግን ሜዳ ዋጋ አልነበረውምና ዓይኑን አልጣለበትም። ሊዝ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ሲመጣ ግን መሬት በካሬ ሜትር ዋጋ ወጣለት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነገሩን አጠበቀው። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ሲታይ ልጅ አይታይም፣ ካሬ ነው የሚታየው። ሕፃን በካሬ ሜትር ስንት ይከፍላል? ምንም! እንግዲያው ይውጣ።

የጃን ሜዳ ትምህርት

ጃን ሜዳን የማያውቅ የለም። የጃንሆይ ሜዳ ነበር፤ ፈረስ የተጋለበበት፣ ሰልፍ የታየበት፣ አገር አቋራጭ ሯጮቻችን አቧራ የጠጡበት፣ በጥምቀት ታቦታቱ የሚያድሩበት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፒያሳ አትክልት ተራ ተነስቶ እዚያ ሰፈረ። ለጊዜው ነው ተባለ። አልቃወምም፤ ወረርሽኝ ነው፣ ጠባብ ተራ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ይለቅ የሚል ጤነኛ የለም። ነጋዴውም አልበደለም፤ ሂድ ተባለ፣ ሄደ።

ግን ምን አየን? ወራት አለፉ። ሜዳው ጭቃና የበሰበሰ ቲማቲም ሆነ። ስፖርተኛው አቤት አለ፣ ማን ሰማው? የሰማው ሰው የተገኘው ጥምቀት ሲቃረብ ነው። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ታቦታቱ የት ይደሩ የሚለው ጥያቄ አፍጥጦ መጣ። ያኔ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ፣ ሕዝቡም አካፋና መጥረጊያ ይዞ ወጣ፤ ለጥር 2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው ደረሰ።

ልብ ያለው ልብ ይበል! ጃን ሜዳን ያስመለሰው ታቦት ነው። ባለቤት ስላለው፣ የሚጮህለት ምእመን ስላለው ተመለሰ። መመለሱም ደግ ነው። የእኔና የአንተ ሰፈር ሜዳ ግን ታቦት የለውም። አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የለውም። ያለው አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅና የቀደደ ኳስ ነው። እሱን ማን ያስመልስለት?

ከ4 ለ 2 እስከ ሊሎንግዌ

"ምን የሕፃን ጨዋታ ነገር ታካብዳላችሁ?" የሚሉ አሉ። እሺ፣ የትልቅ ሰው ጨዋታ እናንሳ።

በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን አስቀረነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ መንግሥቱ ወርቁ ጎል አግቢ፣ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝ! ይድነቃቸውማ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዝዳንትነት መርተዋል። ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እኛ ነን።

ስድሳ ዓመት አለፈ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፍን። እሰይ! የት? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! "ሜዳችን" ላይ ነበር የተባለው። ካፍ፣ ያ እኛ የመሠረትነው ካፍ፣ ስታዲየሞቻችሁ ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ስለዘጋብን ባለሜዳ ሆነን በሰው አገር ሜዳ እንግዳ አስተናገድን። የገዛ ድግሱን ጎረቤት ቤት የሚደግስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ አይግረመን። ከታች የሰፈሩን ሜዳ ቆርቆሮ በልቶት፣ ከላይ ስታዲየሙ ከየት ይመጣል? ተጫዋች ከሰማይ አይዘንብም፤ ከሰፈር ሜዳ ነው የሚበቅለው። ችግኙን እየነቀሉ ጥላ ሥር ልቀመጥ ማለት ይህ ነው።

ሳህን የሚወረውሩት ሰዎች

አሜሪካን አገር የሚኖር አብሮ አደጌ ለዕረፍት መጥቶ ይህን ስነግረው ሳቀና "እኛ ጋ ደግሞ በሳህን መጫወቻ ይጣላሉ" አለኝ። ሳህን? እኛ አገር ሳህን የሚወረወረው ባልና ሚስት ሲጣሉ ነው! ለካ ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ነው። እንደ ጎልፍ ነው፣ በኳስ ፈንታ ፍሪስቢ የመሰለ የፕላስቲክ ሳህን እየወረወሩ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ያስገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ በሚባል መናፈሻ የመጀመሪያው ቋሚ መጫወቻ ተተከለ። አብዛኛው መጫወቻ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው፤ ብዙውም ነፃ ነው። መሬቱ የከተማው፣ ቅርጫቱን ተክለው ሣሩን የሚንከባከቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ ተጫዋቾች ናቸው።

እዚያም ጠብ አለ፤ መላእክት አይደሉም። "ሳህናችሁ ሊፈነክተን ነው" የሚል የእግር መንገደኛ አለ። "ዛፋችንን ጨረሳችሁት" የሚል አለ። "እኛ ያለማነው ነው" የሚል ተጫዋች አለ። ኦስቲን ከተማ ፒዝ ፓርክ የነበረው ስመ ጥር መጫወቻ አፈሩ ተሸረሸረ፣ የዛፉ ሥር ተጎዳ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘጋ። ተጫዋቹ አዘነ። ግን ለምን እንደተዘጋ ያውቃል፤ በምትኩም በሌላ መናፈሻ ቦታ ተሰጠው።

የእኔ ቅናት ሣሩ ላይ አይደለም። ጠቡ ላይ ነው! እነሱ ፊት ለፊት ይጣላሉ፣ ይከራከራሉ። እኛ የምንጣላው ከማን ጋር ነው? ከቆርቆሮ ጋር? ከዘበኛ ጋር?

"ባዶ ቦታ ነበር" ለሚሉን

ሁለት መልስ ይሰጡናል። አንደኛው፣ "ቦታው ባዶ ነበር" የሚል ነው። ባዶ ማለት ባለቤት የለውም ማለት ነው እንዴ? የቤታችሁ ሳሎንም መሐሉ ባዶ ነው፤ ሰው እንዲቀመጥበት። ሜዳ ሜዳ የሚሆነው ባዶ ስለሆነ ነው። ሕንፃ ከተሠራበትማ ሜዳ መሆኑ ቀረ!

ሁለተኛው፣ "ያለ ክፍያ ማን ይንከባከበው?" የሚል ነው። ይህ የረባ ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። ሰው ሠራሽ ሣር ያረጃል፣ መብራት ይከፈልበታል፣ ዘበኛም እንጀራ ይበላል። ከተማው ሜዳ መሥራቱንም አልክድም፤ በየሰፈሩ ያየሁት አለ፣ እሰየው ነው። ግን ዘበኛው ደመወዝ ማግኘቱ ሌላ፣ ሜዳው የዘበኛው ጌታ መሆኑ ሌላ! በሰዓት የሚሰበሰበው ገንዘብ የት ይገባል? ደረሰኝ አለው? ሒሳቡ የት ተለጠፈ? ማታ የሚችል ይክፈል፤ ከሰዓት በኋላ ልጁ ለምን ይባረራል?

ሕግ ካላችሁም ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 43 ዜጋው አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ታዲያ ማን ጠየቀን? መቼ? የት አዳራሽ? "የመንግሥትና የሕዝብ" ከሚለው ውስጥ መንግሥት ድርሻውን ወስዷል። የእኛ ድርሻ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኗል!

እኛስ ንጹሕ ነን?

ለራሳችንም እንንገር፣ አንሸነጋገል። ቆሻሻውን ሜዳው ላይ የደፋው ከጨረቃ የመጣ ሰው አይደለም፤ እኛው ነን። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር "ሜዳው የእኛ ነው" ብለው ድንጋይ ሲወራወሩ ያየን እኛው ነን። ሰሌዳው የተተከለ ዕለት "ምን አገባኝ" ብለን አልፈን የሄድን እኛው ነን። ቆርቆሮው ሲመታ መዶሻውን ሰምተን መስኮት የዘጋን እኛው ነን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል አገሬው። እኛን የናቁን አጥር እንኳ ሳይኖረን ነው፤ ስለዚህ አምጥተው አጠሩብን!

ምን ይደረግ?

ጩኸት ብቻ እንዳይባል አራት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ በየወረዳው ያለ የሕዝብ ሜዳ ሁሉ ከነስፋቱና ከነድንበሩ ይመዝገብ፤ ዝርዝሩም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ በየሜዳው ለሕፃናትና ለተማሪዎች የማይሸጥ የማይለወጥ ነፃ ሰዓት ይኑር። ሦስተኛ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ አይደር፤ ዕድሩ፣ የሰፈሩ ቡድኖች፣ ሴቶችና ወረዳው ያሉበት የተመረጠ ኮሚቴ ይያዘው፣ ሒሳቡንም በየሦስት ወሩ ይለጥፍ። አራተኛ፣ ማንኛውም ሜዳ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ መጀመሪያ ነዋሪው በይፋ ተጠርቶ ይከራከርበት፤ ሲወሰድም ምትክ ይሰጥ፤ ምትኩም የልጅ እግር የሚደርስበት ቦታ ይሁን እንጂ ከተማ ዳር አይጣል።

ይህ ምን ያስፈራል? ሥልጣን አልጠየቅን፣ በጀት አልጠየቅን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም ስንት ነባር ሰፈር ፈርሷል፤ ነዋሪው ሲበተን ሜዳውም አብሮ ነው የሚበተነው። አዲስ ሰፈር ሲቆረስ ሜዳው በፕላኑ ላይ መሳሉ ብቻ አይበቃም፤ ቁልፉ የማን እንደሚሆን አብሮ ይጻፍ።

ትናንት በሽቦው ሥር ሳልፍ አንድ ልጅ ኳሱ ውስጥ ገብታበት ቆሟል። ከፍለው የሚጫወቱትን "ጋሼ፣ ኳሴን ወርውሩልኝ" ይላል። ጋሼዎቹ አልሰሙትም። እሱ የሚለምነው ኳሱን ነው፤ ሜዳው የእሱ እንደነበረ የነገረው የለም።

እኛ እንንገረው እንጂ!

ቸር ይግጠመን።