የትራክተር ጉተታ ውድድር፦ የሕዝብ ጠባይ ወይስ የማሽን ባለቤትነት?

በአሜሪካ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት ውስጥ ቦውሊንግ ግሪን የምትባል አነስተኛ የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። የነሐሴ ወር ሲደርስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ወደዚያች ከተማ ይጎርፋል። የሚመጣው ኳስ ወይም የመኪና እሽቅድምድም ለማየት አይደለም፤ ትራክተሮች ከባድ ጭነት ሲጎትቱ ለማየት ነው። በዚያች ከተማ የሚካሄደው ብሔራዊ ሻምፒዮና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ነው። በአካባቢው የሚያድግ የገበሬ ልጅ ታዋቂዎቹን የውድድር ትራክተሮች በስማቸው ለይቶ ሊያውቃቸው ይችላል። በዚያው አገር፣ በኒውዮርክ ከተማ የሚኖር እኩያው ግን እንዲህ ያለ ስፖርት መኖሩን እንኳ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል።

ልዩነቱ በአሜሪካ ብቻ የሚታይ አይደለም። ስፖርቱ በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ገጠሮች በብርቱ ሲወደድ፣ በብዙ ሌሎች አገሮች ስሙም አይነሣም። የዚህ ምክንያት ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የሰዎቹ ጠባይ ነው» የሚል ነው። የኦሃዮ ሰው ጩኸትና ጉልበት ይወዳል፤ ሆላንዳዊ ከማሽን ጋር ይወለዳል ይባላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ መልስ የሚያስረዳው አንዳች ነገር የለም። ለምን ይወዱታል? ጠባያቸው ስለሆነ። ጠባያቸው መሆኑ በምን ታወቀ? ስለሚወዱት። እንዲህ ያለው አነጋገር በክብ ከመዞር በቀር ወደ የትም አያደርስም። የተሻለው መልስ የሚገኘው ትራክተሩ የማን እንደሆነና ማን ሊፈታው ሊገጥመው እንደሚፈቀድለት በመመርመር ነው።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ትራክተር ከኋላው የታሰረለትን ተጎታች ይዞ፣ 100 ሜትር ያህል ርዝመት ባለውና በሸክላ አፈር በተጠቀጠቀ መም ላይ ይጓዛል። አብዛኞቹ ከመጨረሻው መስመር ሳይደርሱ ይቆማሉ፤ አሸናፊውም ሩቅ የጎተተው ነው።

ብልሃቱ ያለው በተጎታቹ ላይ ነው። የኋላ ክፍሉ በጎማ የሚሄድ ሲሆን የፊት ክፍሉ ግን መሬት ለመሬት የሚንሸራተት የብረት ዝርግ ነው። ጉዞው ሲጀመር የክብደቱ ሣጥን በኋላ ጎማዎቹ ላይ ተቀምጧል። ትራክተሩ በተራመደ ቁጥር ሣጥኑ ወደ ፊት ይሳባል፤ ጫናውም ከጎማዎቹ ወደ ብረቱ ዝርግ ይዛወራል። በፊዚክስ ትምህርት እንደምናውቀው ሰበቃ የሚጨምረው በንጣፉ ላይ በሚያርፈው ጫና መጠን ነው። ስለዚህ ጭነቱ ራሱ ሳይለወጥ ለመጎተት የሚጠይቀው ጉልበት በየሜትሩ ያድጋል።

የትራክተሩ የኋላ ጎማም ቢሆን መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዘው በላዩ ባረፈው ክብደት ልክ ነው። ሞተሩ በሺዎች የሚቆጠር የፈረስ ጉልበት ቢኖረው እንኳ ክብደቱ በሚገባ ካልተደለደለ ጎማው አፈሩን እየበተነ በባዶ ይሽከረከራል፤ ወይም ትራክተሩ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያነሣል። በመሆኑም አሸናፊው ብዙ ጉልበት ያለው ብቻ ሳይሆን ጉልበቱን ወደ መሬት ማድረስ የቻለው ነው። ይህን የሚያውቅ ተወዳዳሪ ደግሞ ማሽኑን ደጋግሞ የፈታና የገጠመ ሰው ነው።

ከፈረስ ወደ ትራክተር

የውድድሩ ሥር ከትራክተር በፊት የነበረ ነው። የአሜሪካ ገበሬዎች በጎተራ በርና በገበያ ቀን የማን ፈረስ ይበረታል ብለው ይፎካከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. በሚዙሪና በኦሃዮ በሞተር ኃይል የሚደረጉ የመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ተካሄዱ። በ1969 ደግሞ ከስምንት ክፍላተ ግዛት የተውጣጡ ተወካዮች ብሔራዊ ማኅበር መሥርተው ወጥ ደንብ አወጡ። በዚያ ዘመን የተወዳደረው ትራክተር እሑድ ይጎትትና ሰኞ ያርስ ነበር። የቤተሰቡ ንብረት ነበር፤ የሚጠገነውም በቤተሰቡ ጓሮ ነበር። ባለቤቱ ሞተሩን ቢያቃጥል የሚጠይቀው ሚስቱ እንጂ የመሥሪያ ቤት አለቃ አልነበረም።

ይህ ነጥብ ቀላል መስሎ እንዳያልፈን። ቀድሞ በሶቪየት ኅብረት እጅግ ብዙ ትራክተር ነበር። ይሁን እንጂ እስከ 1958 ድረስ ማሽኖቹ የመንግሥት የማሽንና የትራክተር ጣቢያዎች ንብረት ነበሩ፤ ከዚያም ወደ ኅብረት እርሻዎች ተዛወሩ። ነጂው የጣቢያውን ወይም የኅብረት እርሻውን ሞተር ለጨዋታ ቢፈታ ጨዋታ ሳይሆን ጥፋት ነበር። በደቡብ ሩሲያ በሮስቶቭ አካባቢ ስመ ጥር የሆነው የትራክተር እሽቅድምድም የተጀመረው በ2002 ነው፤ ይኸውም ያ ሥርዓት ካከተመ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። የሰዎቹ ጠባይ በአሥር ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የማሽኑ ባለቤት ነው።

ካርታው የሚመሰክረው

የጠባይን መልስ አጥብቆ ለሚይዝ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ የሚገኘው በጃፓን ነው። ጃፓን የትራክተር አገር ብትሆንም ትራክተሮቿ በአብዛኛው ለሩዝ ማሳ የተሠሩ ትናንሾች ናቸው። በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቀረው የአገሪቱ ክፍል የአንድ እርሻ አማካይ ስፋት ከጥቂት ሄክታር የማያልፍ ሲሆን፣ በሆካይዶ 30 ሄክታር ያህል ይደርሳል። በዚያው ደሴት ከባድ ፈረሶች የብረት ተንሸራታች እየጎተቱ ኮረብታ የሚወጡበት «ባንኤይ» የሚባል እሽቅድምድም አለ። ታዲያ በትራክተር ጭነት የመጎተት ውድድር የተወለደው የት ነው? በዚያው በሆካይዶ፣ ሳራቤትሱ በተባለች መንደር ነው። ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ መንግሥቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነት ያመጡት የማሳው ስፋት፣ የማሽኑ መጠንና የቀድሞው የፈረስ ጨዋታ ናቸው። ፈረስ በሌለበት አገር ጉግስ እንደማይኖር ሁሉ መሆኑ ነው።

የሕንዷ ፑንጃብም ተመሳሳይ ምስክርነት ትሰጣለች። ከ1960ዎቹ ጀምሮ «አረንጓዴው አብዮት» የተባለው የግብርና ለውጥ ትራክተርን ወደ ገበሬው ግቢ አስገባ። ወጣቶቹም ሁለት ትራክተሮችን ጀርባ ለጀርባ አስረው ማን ማንን ይጎትታል የሚል «ቶቻን» የተባለ ፍልሚያ ፈጠሩ። በአንጻሩ ደንብና ጥንቃቄ ጎድሎ ቀረ። በኦሃዮም ሆነ በሆላንድ ትራክተሩ ከተጎታቹ ከተላቀቀ ሞተሩን ወዲያውኑ የሚያጠፋ መቁረጫ መግጠም ግዴታ ነው። በፑንጃብ ግን በ2023 አንድ ወጣት በትራክተር አደገኛ ትርኢት ሲያሳይ ሕይወቱ በማለፉ፣ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ትርኢቶች ለመከልከል ተገደደ። ለማሽኑ ያለው ፍቅር በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ የሚለያየው ፍቅሩን የሚገራው ተቋም ነው።

የክርክሩ ወሰን

እዚህ ላይ በአግባቡ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ባለቤትነትና ሰፊ ማሳ ብቻ ወሳኝ ቢሆኑ ኖሮ የስፖርቱ የአውሮፓ መናኸሪያ ከሆላንድ ይልቅ ሰፊ የእህል ሜዳ ያላት ፈረንሳይ በሆነች ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ጸሐፊውም ይቀበለዋል። ሆላንዳውያን ውድድሩን ያስገቡት በ1977 ሲሆን፣ ቀድመው ደንብ አወጡ፣ ተጎታች ሠሩ፣ ማኅበር አቋቋሙ። ቀድሞ የተጀመረበት ቦታ ዳኛውን፣ መካኒኩንና ተመልካቹን አብሮ ያፈራል፤ የኋላ ኋላ የሚመጣው ከእርሱ ይማራል። በጀርመን ደግሞ የቀዝቃዛው ጦርነት ትርፍ ዕቃ ራሱ የስፖርቱን መልክ ቀይሯል። አንድ የጀርመን ቡድን ለሶቪየት የጦር ጀልባዎች የተሠራውን ባለ 42 ሲሊንደር ሞተር በትራክተር ላይ ገጥሞ ተወዳድሯል። እንግዲህ ማሳውና ማሽኑ በር ይከፍታሉ እንጂ ማንንም አስገድደው አያስገቡም። በበሩ ለመግባት የመጀመሪያው ቀስቃሽና የጋራ ደንብ ያስፈልጋሉ። እነዚህም ቢሆኑ ሊታዩና ሊመረመሩ የሚችሉ ምክንያቶች ናቸው፤ ጠባይ ግን አይመረመርም።

ለእኛ ምን ይፈይዳል?

የትራክተር ጉተታ የሩቅ አገር ጨዋታ ቢሆንም ስለ አካባቢዎች ልዩነት የሚያስነሣው ጥያቄ ከደጃችን ያለ ነው። እኛም ስለ ገዛ ወገናችን ስንናገር «የእገሌ አገር ሰው በተፈጥሮው ነጋዴ ነው»፣ «የእነ እገሌ ደም የሯጭ ደም ነው» እንላለን። በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ስላፈራች ምክንያቱን በደም ውስጥ የምንፈልግ ጥቂቶች አይደለንም። ከፍታ አለ፤ ነገር ግን ያን ያህል ከፍታ ያላቸው የአገራችን ከተሞች ብዙ ናቸው። በበቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የትምህርት ቤት መምህር ልጆችን በማለዳ ሰብስበው ያሠለጥኑ ነበር። የመጀመሪያዋ ልጅ ስታሸንፍ ደግሞ ሁለተኛዋ መንገዱን አየች።

በምሥጋና መልክ የተነገረ የጠባይ መልስ ነገ በነቀፋ መልክ ይመለሳል። «በተፈጥሮው ሯጭ ነው» ማለት የለመደ አንደበት «በተፈጥሮው ሰነፍ ነው» ለማለት አይቸገርም። በአንጻሩ ማሳውን፣ መሣሪያውን፣ ባለቤቱንና መምህሩን የሚጠይቅ ሰው የጎደለውን ያገኛል፤ የጎደለውም ሊሟላ ይችላል። ስለዚህ አንድ አካባቢ ከሌላው ለምን ተለየ ተብለን ስንጠየቅ፣ የሳይንስ ተማሪዎች እንደመሆናችን፣ ስለ ሰው ተፈጥሮ ከመናገራችን በፊት መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ እንጠይቅ።