ሕፃን ያዘለች እናት ብዕር ስትይዝ

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ንስሐም አለበት።

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። የራያን ቆላ የምታውቁ ወቅቱን ታስታውሱታላችሁ። የቆቦ ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ በማሽላ ይሸፈናል፤ እሸቱ ሲያፈራ ደግሞ ወፍ ይወርድበታል። ሰው ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ይጠብቃል። እኛም አንዲት የጉባኤያችንን እህት ለመጠየቅ ወደ ማሳቸው ሄድን። ማማው ላይ አገኘናት። የስምንት ወር ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ የአራት ዓመቷን ልጅ ከማማው ሥር ጥላው ላይ አስቀምጣ፣ ወንጭፉን ከጎኗ አድርጋ፣ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ ትጽፋለች። ስታየን ደብተሩን ቶሎ ብላ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው፤ ልክ ክፉ ነገር ስትሠራ እንደተያዘች።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አልናት።

«ምንም አይደል ፓስተር። የእናቴን ግጥም ነው። የራሴም አለበት» አለች፣ አፍራ።

እናቷን እናውቃቸው ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን ግጥም ከአፋቸው አይጠፋም። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለአጨዳ፣ ሕፃን ሲያባብሉ፣ ወፍጮ ላይ ሲቀመጡ ሁሉ ይገጥማሉ። ወሎ እንዲህ ያሉ እናቶች ሞልተውታል። በነሐሴ ለሶለል የሚወጡት የራያ ቆቦ ልጃገረዶች በዓይናቸው ያዩትን እዚያው በግጥም ሲመልሱ የሰማ ሰው፣ ያ ነገር ከየት እንደሚወረስ ይገባዋል። ልጅቱ ይህን ሁሉ ሰምታ አድጋለች። አሥረኛ ክፍል ድረስ ስለተማረች ደግሞ መጻፍ ትችላለች። እናቷ በቃል የያዙትን እሷ በወረቀት ልታኖረው ፈለገች፤ ከዚያም የራሷን መጻፍ ጀመረች።

ያን ቀን አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። «ፓስተር፣ ይሄ ነገር ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ፈተና ነው? ልጆቹ ሲተኙ እጽፋለሁ፤ ግን ሳልጽፍ ውዬ ባድር ይከፋኛል። ስጽፍ ደግሞ ከልጆቼ የሰረቅሁ ይመስለኛል።»

እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «እህታችን፣ አሁን አገልግሎትሽ ልጆችሽ ናቸው። እነሱ ይደጉ፤ ያኔ ትጽፊያለሽ» አልናት። ጸለይንላትና ተመለስን። መልካም ምክር የመከርን መስሎን ነበር።

እናቷ በ2012 ዓ.ም. አረፉ። በለቅሶው ቤት ያገሩ ሴቶች የእሳቸውን ግጥም ሊያነሱ ሞከሩ፤ አንዷ ጀምራ ታቋርጣለች፣ ሌላዋ የመካከሉን ትረሳለች። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። እኛን አልወቀሰችንም። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን እናቷ በሕይወት እያሉ፣ አጠገቧ ተቀምጠው እያሉ፣ በእኛ ቃል ምክንያት ደብተሩን ዘግታ ኖራለች። «ይደጉ» ያልናቸው ልጆች እያደጉ ነበር፤ አያታቸው ግን አልጠበቁም።

ምክራችን ለምን እንዲያ ቀለለን? ብለን ራሳችንን ጠየቅን። አንዱ ምክንያት ምሳሌ 31ን የሰበክንበት መንገድ ነው። ስለ ልባም ሴት ስንት ጊዜ እንደሰበክን ቁጥሩን አናውቀውም። ጎሕ ሳይቀድ ስለ መነሣቷ፣ ስለ እንዝርቷ፣ መብራቷ በሌሊት ስለ አለመጥፋቱ አንስተናል፤ እናቶቻችንም ደክመው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ግን የምዕራፉን የመጀመሪያ ቁጥር በቅጡ አንብበን አናውቅም። እዚያ የተጻፈው ይህ ቃል የንጉሥ ልሙኤል እናት ያስተማረችው መሆኑ ነው። ምዕራፉን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ካነበብነው፣ ስለ ልባም ሴት የተገጠመው ግጥም የአንዲት እናት ትምህርት ሆኖ ነው የተቀመጠው! በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ አስተማሪያችን ከቁጥር 10 እስከ 31 ያሉት 22 ቁጥሮች በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ተራ እንደሚጀምሩ አሳይተውን ነበር። እንደ ፊደል ገበታ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግጥም እንዲሁ ከአፍ አይወድቅም፤ ቁጭ ብሎ ቃል መርጦ፣ አስተካክሎ፣ አፍርሶ እንደገና መገጣጠም ይፈልጋል። ያን ጊዜ ለፈተና አጠናነው፤ ለሚስቶቻችን ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባንም።

ሌላም የዘለልነው አለ። ቁጥር 15 ላይ ያች ሴት ገረዶች አሏት። ባሏም በቁጥር 23 በአገር ሽማግሌዎች መካከል የተከበረ ሰው ነው። እኛ ግን ገረዶቿን ቀንሰን፣ ሥራዋን ሁሉ ትተን፣ ጀሪካን ጨምረን ለቆቦ እናት ሸክም አድርገን ሰጠናት። (ይህን በአንድ የአገልጋዮች ስብሰባ ላይ ስናነሳ ሳቅ ሆነ። እኛ ግን ለቀልድ አልተናገርነውም።)

መጽሐፍ ቅዱስን በዚህ ዓይን ስታገላብጡት የምታገኙት ያስገርማችኋል። ሐና ጸሎቷን የጸለየችው ጡት ያስጣለችውን ሕፃን ይዛ ሴሎ በወጣች ጊዜ ነው፤ 1ኛ ሳሙኤል 2 የእናት ግጥም ነው። ዲቦራ በመሳፍንት 5 መዝሙር ውስጥ ራሷን የእስራኤል እናት ብላ ትጠራለች። ማርያም በሉቃስ 1 የዘመረችው በማኅፀኗ ሳለ ነው፤ ሉቃስ ስለ ልደቱ የጻፈውን እሷ በልቧ ጠብቃ ከያዘችው እንዳገኘው የሚገምቱ ብዙ መምህራን አሉ። እግዚአብሔር እነዚህን ቃሎች እንዲጠበቁ ሲያደርግ፣ ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ ይቆይ አላለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም እንጽፋለን። ስብከት እንጽፋለን፣ ይህንንም ጽሑፍ እየጻፍን ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስናዘጋጅ ቤታችን ውስጥ ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሩ፤ የመጨረሻው ገና አይራመድም። በሩን ዘግተን እንቀመጥ ነበር። ልጅ ሲያለቅስ በሩን የሚያንኳኳ አልነበረም፤ «አባባ እያጠና ነው» ተብሎ ዝም ይባላል። ማን ነበር ዝም የሚያሰኘው? ባለቤታችን ናት። አንድም ቀን «ከልጆችህ ሰረቅህ» ያለን የለም። ቤተ ክርስቲያን አጨብጭባ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ሰቀለችልን። ያው ብዕር በሴት እጅ ሲሆን ፈተና የሆነብን ለምን ነበር?

ከእኛ በፊት በዚህ ጥያቄ ያለፉ አሉ። አሜሪካዊቷ ሃሪየት ቢቸር ስቶ የሰባት ልጆች እናት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር የነበረው የካልቪን ስቶ ሚስት ነበረች። ኑሯቸው የጠበበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ለባሏ በጻፈችለት ደብዳቤ፣ የምትጽፍ ከሆነ የራሷ ክፍል እንደሚያስፈልጋት ነገረችው። እሱም ጸሐፊ መሆን እንዳለባት አምኖ መለሰላት። በ1849 የዓመት ከመንፈቅ ልጇ በኮሌራ ሞተባት። ልጅዋ ከጉያዋ የሚነጠቅባት ባሪያ እናት ምን እንደሚሰማት ያወቀችው በዚያ ሕፃን መቃብር አጠገብ እንደሆነ በኋላ ተናግራለች። በ1851 በሜን ክፍለ ሀገር፣ በቤተ ክርስቲያን የጌታን እራት እየወሰደች ሳለ፣ አንድ ባሪያ ተገርፎ ሲሞት በዓይነ ልቡናዋ ታያት። ቤት ገብታ ጻፈችው። ያን ጊዜ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበራት! የአጎት ቶም ጎጆ በጋዜጣ በተከታታይ ወጣ፤ በ1852 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም በአገሯ ብቻ በአንድ ዓመት ሦስት መቶ ሺህ ያህል ቅጂ ተሸጠ። ያ መጽሐፍ በባርነት ላይ ስላደረገው ነገር ታሪክ ጸሐፊዎች ይንገሯችሁ። እኛን የገረመን ባሏ ነው። ካልቪን ስቶ ሊቅ ነበር፤ እኛ በማማው ሥር ያልተናገርነውን እሱ ተናግሯል።

በአገራችንም ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የሠራችውን አስቴር ጋኖን ማሰብ ይበቃል። ለባርነት ተሽጣ ቀይ ባሕርን ስትሻገር በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከብ ነፃ አወጣቻት፤ ምጽዋ አጠገብ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። አምስት መቶ የሚያህሉ የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና መዝሙሮችን ከትዝታዋ ጻፈች፤ ከፊሎቹ በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጎም ቋንቋው ከእሷ አፍ ነው የተቀዳው፤ ኦነሲሞስ አገሩን የለቀቀው በልጅነቱ ስለነበር የእሷ እውቀት አስፈለገው። የወንጌላውያን ታሪክ ሲነገር ግን የእሱን ስም ደጋግመን እንሰማለን፣ የእሷን አልፎ አልፎ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን እያስተዳደሩ፣ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ፣ በ1942 ዓ.ም. የልቤ መጽሐፍን አሳትመዋል።

«ታዲያ ልጆቹስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አናቃልለውም። ሕፃን ሲርበው ስንኙ ይጠብቃል እንጂ ሕፃኑ አይጠብቅም። ጽሑፍም እንደ ማንኛውም ስጦታ ጣዖት ሊሆን ይችላል። በተለይ አሁን በስልክ ተጽፎ ወዲያው የስንት ሰው ጭብጨባ እንዳገኘ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ልጅ እያለቀሰ ስልክ ላይ ያፈጠጠች እናት አይተናል። (አባትም አይተናል፤ ቁጥሩም አያንስም።) ነገር ግን ይህ ስለ ጭብጨባ የሚሰጥ ምክር ነው እንጂ ስለ መጻፍ አይደለም። ያች እህታችን የጻፈችውን ለማንም አላሳየችም። የፈለገችው ጭብጨባ ሳይሆን አንድ ሰዓት ነበር።

በራያ ቆላ አንድ ሰዓት ከየት ይመጣል? ሌሊት ተነሥታ ታቦካለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች፣ ለማሳው ምሳ ታደርሳለች። ሙቀቱ ቀኑን በሙሉ አናት ላይ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እሷም ወድቃ ትተኛለች። ስለዚህ «ስጦታሽን ተጠቀሚበት» ብሎ መስበክ ብቻውን ሌላ ሸክም ነው። ሰዓቱን የያዘው ሰው መልቀቅ አለበት፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ ባል ነው።

ባሏን አነጋገርነው። በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ታታሪ ወንድም ነው። «ፓስተር፣ እኔም ከማሳ ስመለስ መሽቷል። እኔስ መቼ ነው የማርፈው?» አለን። እውነቱን ነው፤ አልተከራከርነውም። ይልቅ በእሷ ላይ ስላደረስነው ነገር ነገርነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እኔ እይዛቸዋለሁ» አለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ትንሹን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያልፍ ጎረቤቶቹ ስቀውበታል። እሱም አብሮ ሳቀ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ በነበረበት ወራት፣ ደብተሯን ከመታወቂያና ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ቤቷ ውስጥ መሬት ቀበረችው። ስታወጣው ጠርዙ በእርጥበት ተበልቶ ነበር። ከእናቷ ግጥሞች የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። ሌሎቹን ቁጥራቸውን እንኳ ማንም አያውቀውም። በዚያ ወራት የተጻፉ የራሷ ግጥሞች ግን አሉ፤ ስለ ምን እንደሆኑ ለመገመት አይከብድም። እናት ልጇን በጭለማ እያባበለች ያየችውን ከእሷ ሌላ ማን ይጽፈዋል?

በቅርቡ በእሁድ ጉባኤ ላይ እንድታነብልን ጠየቅናት። «ገና ነው ፓስተር፤ ልጨርሰው» አለችን። አልገፋፋናትም። አንድ ጊዜ ጠብቂ ያልናት እኛ ነን፤ አሁን መጠበቅ ያለብን እኛው ነን።

ሌሎች ሁለት እናቶችም መጻፍ እንደሚወዱ በሹክሹክታ ነግረውናል። ከወር በፊት የጸሎት ቤቱን የኋላ ክፍል ጠርገን አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አስገባን። ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ሕፃን ይዛችሁ ብትመጡ ደጅ ጥላው ሥር የሚይዝላችሁ ሰው አለ፤ በዚህ ወር ተራው የእኛ ነው።