ባቡሩን አመጣችሁ፤ ሰዓቱንስ የት ጣላችሁት?

ከቻይና ብዙ ተምረናል ይሉናል። ኢሕአዴግ «ልማታዊ መንግሥት» እያለ ጆሯችንን ሲያደነቁረን ከሚጠቅሳቸው አገሮች አንዷ እሷ ነበረች። ካድሬዎቹም ለሥልጠና ይመላለሱባት ነበር። እኔም ቤጂንግ ተምሬያለሁ። በልዑካን ቡድን ታጅቤ ሳይሆን እንደ ተራ የውጭ አገር ተማሪ፣ በአውቶቡስና በምድር ውስጥ ባቡር እየተጋፋሁ። ስለዚህ ከዚያ ምን እንደመጣልን፣ ምን ደግሞ እዚያው እንደቀረብን ትንሽ ብናገር ማንም ቅር አይበለው።

ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚርመሰመስባት ከተማ፣ ከቻይንኛ አንዲት ፊደል የማይለይ ሐበሻ ብቻውን ወጥቶ የት ይደርሳል? ይደርሳል! መስመሩ ቁጥርም ቀለምም አለው። ተማሪ የሚበዛበት የውዳኮው ሠፈር 13 ቁጥር ላይ ነው፤ ቢጫው። ሺዥመን ላይ ወርደህ ሰማያዊውን 2 ቁጥር ትይዛለህ። የሚቀጥለው ጣቢያ ስም በቻይንኛ ይነገራል፣ በእንግሊዝኛም ይደገማል። መውጫው በር እንኳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ተለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በ2 ዩዋን የፈለጉበት ይደረስ ነበር። በ2014 መጨረሻ ዋጋው በርቀት ሆነና እስከ 6 ኪሎ ሜትር 3 ዩዋን ተባለ። (ስድስት ኪሎ አላልኩም!) ተማሪ ኪስ ላይ ጭማሪው ይሰማል፤ ግን ስንት እንደምትከፍል ከቤትህ ሳትወጣ ታውቀዋለህ።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን በየጣቢያው የተለጠፈችው ትንሽ ሠሌዳ ናት። የመጀመሪያው ባቡር በዚህ ሰዓት፣ የመጨረሻው በዚህ ሰዓት፣ ወደዚህ አቅጣጫ፣ ወደዚያ አቅጣጫ። እስከ ደቂቃው! ማታ ከቤተ መጻሕፍት የሚወጣ ተማሪ እሷን አይቶ ይሮጣል ወይም ቀስ ብሎ ይራመዳል።

የቻይናን መንግሥት እያወደስኩ እንዳይመስላችሁ። በር ላይ ቦርሳህ ሁልጊዜ በማሽን ይፈተሻል። ካሜራው እንደ ጥላ ይከተልሃል። ስለ ገዢው ፓርቲ ክፉ መናገርማ አይታሰብም። ባቡሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1971 ሕዝብ መጫን ሲጀምር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያላጻፈ ቻይናዊ ትኬት መግዛት አይችልም ነበር። ከዚያ ተነሥተው ነው የእኔ ቢጤ መጻተኛ ማንንም ሳይለምን የሚሳፈርበት ደረጃ ያደረሱት። ማንም ያልመረጠው መንግሥት እንኳ ለተሳፋሪው ሰዓቱን ይነግረዋል!

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እልልታው ሰማይ ደርሶ ነበር። 34 ኪሎ ሜትር፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። ብድሩን የልጅ ልጆቻችን ጭምር ይከፍሉታል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ተገትረው ቀሩ። ይህን ያሉት ባለሥልጣናቱ ራሳቸው እንጂ እኛ «ጨለምተኞቹ» አይደለንም። ለመሆኑ የመጨረሻው ባቡር በየጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ የሚያውቅ አንባቢ አለ? ካለ እጁን ያውጣ!

የታክሲውን ነገር ማን አውርቶ ይጨርሰዋል። ታፔላው የሚለው ሌላ፣ ረዳቱ የሚጣራው ሌላ። መንገዱን ቆርጦ ይጭንና ግማሽ ላይ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» ይላል፤ ለቀሪው እንደገና ትከፍላለህ። እዚሁ ተወልደን ያደግነው እንኳ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ መንገዱን ሲያገላብጠው «ይቅርታ፣ የመገናኛ ታክሲ የት ሄደ?» እያልን ስንዞር ከርመናል።

እስቲ ስድስት ኪሎ ሊማር የመጣውን የደቡብ ሱዳን ወይም የሶማሊያ ልጅ አስቡት። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!» ሲባል ውቅያኖስ አቋርጠው ሊወስዱት መስሎት ቢደነግጥ ይፈረድበታል? ቢገባም «ወራጅ አለ» ማለትን ካልተማረ ማንም አያወርደውም። ምስጋና ለተሳፋሪው! አጠገቡ የተቀመጡት እናት «የኔ ልጅ፣ አንተ የምትወርደው እዚህ ጋ ነው» ብለው ትከሻውን ነካ ያደርጉታል። መንግሥት ሊለጥፈው የሚገባውን እሳቸው በቃላቸው ይነግሩታል።

ገንዘብ የለም ይሉን ይሆናል። መለዋወጫው ዶላር ይፈልጋል፤ እሺ፣ ይሁን። ግን ዛሬ ስንት ባቡር ይሠራል? በስንት ደቂቃ ልዩነት ይመጣል? የመጨረሻው መቼ ያልፋል? ይህን በወረቀት ጽፎ ማጣበቅ ምን ዶላር ይፈልጋል? ጣቢያው 39 ነው፤ ወረቀቱም 39። ነው ወይስ ለማጣበቂያውም ኤግዚም ባንክ ደጅ ልንጠና ነው?