«ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቆይ»

የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ተማሪዎቻችን በየጊዜው እየተሰበሰቡ ጥናታቸውን ያቀርባሉ፤ ይጠያየቃሉ፤ ይተቻቻሉ። ደግ ነገር ነው። እኛ የምንቃወመው መሰብሰባቸውን አይደለም። የምንቃወመው፣ ስለ እንጀራ እየተነጋገሩ እንጀራ በላተኛው እንዳይሰማ በሩንም ቋንቋውንም መዝጋታቸውን ነው!

«እናንተ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በዚህ ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው፣ አንድ ዶላር በንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ሲዘል፣ ክረምቱ ሳይወጣም መቶውን ሲያልፍ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪው ብርና የሥነ ጽሑፍ ተማሪው ብር እየተለየ አልረከሰም። ደብተሩም፣ ሳሙናውም፣ ከግቢ ወጣ ብለን የምንበላት ሽሮም ለሁላችን እኩል ነው የተወደደችው።

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን ጥቂቶች ወደ አንዱ ሴሚናር ጎራ ብለን ነበር። ርእሱ የምንዛሪ ለውጥ ወደ ሸቀጥ ዋጋ እንዴት እንደሚተላለፍ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚነካን ምን ርእስ አለ? አቅራቢው ጎበዝ ነው፤ አንክድም። ብዙ እንደ ለፋበትም ያስታውቃል። ባልደረቦቹም እየተነሡ ጠየቁት። ጥያቄው ሁሉ ግን የቀመሩን ጤንነት የሚመረምር ነበር፤ የስንት ወር መረጃ ነው፣ ውጤቱ በሌላ ስሌት ቢፈተን ይጸናል ወይ፣ የሚል። ይህም መጠየቅ አለበት። ነገር ግን የክርክሩን እምብርት የነካ አልተገኘም። ያን ጊዜ ከባለሥልጣናቱ አፍ ደጋግመን የሰማነው ምን ነበር? «አብዛኛው የውጭ ዕቃ ቀድሞውንም በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ስለሚተመን ለውጡ በዋጋ ላይ ብዙ አይጨምርም» የሚል አልነበረም ወይ? ይህ እውነት ነው ወይስ አይደለም? በባንክ ምንዛሪ ኤልሲ የተከፈተለት አስመጪ አንድ መልስ አለው፤ ወረፋ ሲጠብቅ የከረመው ሌላ መልስ አለው፤ ከሁለቱ ገዝታ የምትቸረችረው የሰፈር ባለሱቅ ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱም እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም።

ከእኛ አንዷ ይህንኑ ልትጠይቅ እጇን አወጣች። በአማርኛ ጀመረች። «ይቅርታ፣ ሴሚናሩ በእንግሊዝኛ ነው» ተባለች። እንዴ! ጠያቂዋ ያገሬው ልጅ፣ ተጠያቂው ያገሬው ልጅ፣ ሰብሳቢው ያገሬው ልጅ፣ ብሩስ ያገሬው ብር አይደለም እንዴ?

ድሮ ያገራችን ሰው ሲሟገት ተጠየቅ ብሎ ባደባባይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። መንገደኛው ቆሞ ይሰማል፤ ካስፈለገም ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ዛሬ ስለ መላው ሕዝብ ኪስ የሚደረገው ሙግት ከአንድ ክፍል የማይወጣው ምን ይሁን ብሎ ነው?

አቅራቢው ደጋግሞ የሚላት አንዲት ሐረግ ነበረች፤ ርእሳችንን ከሷ ወስደናል። «ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቆይ»። እኛ ይህችን ሐረግ አንንቃትም። «እንበል» ሳይባል ምክንያትና ውጤት አይለይም፤ ተረትም የሚጀምረው በእንበል ነው። ተረት ነጋሪ ግን ሲጨርስ ተረቱን እንዲመልሱለት ይጠይቃል። ባለቀመሩ ግን አያስመልስም፤ እኛን እዚያው እንበል ውስጥ ትቶን ይሄዳል። ለመሆኑ ባገራችን ሌላው ሁሉ እንዳለ የቆየው መቼ ነው? አንበጣው፣ ኮቪዱ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት፣ ድርቁ፣ ተደራርበው ነው የመጡት።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በኅዳር 2008 እ.ኤ.አ. ንግሥት ኤልሳቤጥ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ለሕንፃ ምረቃ ሄደው ያን የገንዘብ ቀውስ እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ ብለው ቢጠይቁ፣ ሊቃውንቱ በዓመቱ በደብዳቤ የመለሱላቸው ፍሬ ነገር ምን ነበር? የምናብ ጉድለት ነው! ምናብ ደግሞ ከማን ሠፈር ነው የሚፈለገው? አገባችሁ ወይ ላሉን መልሱ እዚህም አለ።

በዚያው ትምህርት ቤት በ1949 እ.ኤ.አ. ቢል ፊሊፕስ የሚባል ኒውዚላንዳዊ ያሳየውን እናስታውስ። የተማረው ሶሲዮሎጂ ነበር። በሴሚናሩ ፊት የአገርን ኢኮኖሚ የሚያሳይ ማሽን አቆመ፤ በቱቦዎችና በጋኖች ውስጥ ቀለም የገባበት ውኃ ይፈሳል። ግብር ሲጨመር ውኃው በዚህ ይወጣል፣ ቁጠባ ሲቀንስ በዚያ ይጎድላል። ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ዕውቀቱ በዚህ ረከሰ ወይ? ሰውየው እኮ ኋላ በሥራ አጥነትና በደመወዝ ጥናቱ ስሙ ዓለምን ያዳረሰው ፊሊፕስ ነው!

«አማርኛ ለዚህ ሳይንስ ቃል የለውም» ይሉናል። ይሄ እንኳ ያሳፍራል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ሀብት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድና ስለ ጉምሩክ በአማርኛ ጽፎ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1916 ዓ.ም. ታተመ፤ ያውም ደራሲው ከሞተ ከዓመታት በኋላ። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የለ፣ ዶክትሬት የለ። ሰውየው ቃል ሲያጣ አላለቀሰም፤ ያለውን ዘርግቶ፣ የሌለውን ሠርቶ ጻፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያን ሁሉ ትምህርት ቤት ከፍተን፣ ቃል የለንም እንላለን! ደግሞስ ገበያው ዱቤ፣ ቀብድ፣ አራጣ፣ መያዣ፣ እቁብ፣ ኪሳራ ሲል የሚኖረው በምን ቋንቋ ነው? የጎደለውን እንደ ባንክና እንደ ቼክ ተውሰን እንሞላዋለን፤ ማን ከለከለ? አማርኛ ብቻም አላልንም። ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ሶማሊኛው ጥናቱን የሚጠብቅ የየራሱ ሸማች አለው።

ቋንቋው ሲዘጋ ምን እንደሚቀር እንይ። ሬዲዮኑ «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ይላል። ቤት ውስጥ እናቶቻችን «ውሸታም!» ይላሉ። አምና 100 ብር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 120 ብር ቢገባ ንረቱ 20 በመቶ ነው። ለከርሞ 132 ቢሆን ንረቱ 10 በመቶ ይሆናል። ንረቱ በግማሽ ቀንሷል፤ ዕቃው ግን ሌላ 12 ብር ጨምሯል። ሬዲዮኑም አልዋሸም፤ እናቶቻችንም አልተሳሳቱም። የቀነሰው የመውጣቱ ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው አይደለም። ይህን ለመጻፍ አምስት መስመር አልፈጀብንም። አገር በሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ሐሰተኛ ሲባባል፣ አስታራቂው ሰው አርባ ስላይድ ይዞ ለአሥራ አምስት ሰው በእንግሊዝኛ ያነባል።

መመረቂያው በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ፈታኙም የውጭ መጽሔቱም እንደሚያስገድዷቸው እናውቃለን፤ አንፈርድባቸውም። የምንጠይቀው ከሴሚናሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ነው። በር ክፍት ይሁን፤ ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ ይነገር፤ የጠየቀም አይመለስ። ቃል በማፈላለጉ እኛ አለን፤ ሥራችን ነው። ይህችም መጽሔት ገጿን ትሰጣለች።

የሚቀጥለው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። የኋላ ወንበር ይበቃናል። ጥያቄያችንን ከአሁኑ እንናገር፣ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁን። የዋጋ ንረት የሚለካበት ቅርጫት የሁሉም ቤተሰብ አማካይ ነው። ያገኘችውን ከሞላ ጎደል ለእህልና ለዘይት የምታውል የጉልት ቸርቻሪ የራሷ ንረት ስንት በመቶ ነው? የባለመኪናውስ? ለይቶ ያሰላው አለ ወይ? ካለስ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚነግራት?