ፈተና ብቻውን አያስመርቅም

ሁለተኛ ዓመት ላይ ከዶርማችን አንድ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። "ሰነፍ ነበር" ተባለ። እኛ ግን እናውቃለን፤ ከቤት የሚላክለት ስለሌለ ሃንድአውት ኮፒ ማድረጊያ እንኳ አልነበረውም። ውጤቱ ሲወርድ ጠርቶ "ምን ሆንክ?" ያለው ሰው የለም።

የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. "አሳፕ" የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። የትራንስፖርት ካርድ፣ የመጽሐፍ ድጋፍ፣ ከሁሉም በላይ ቶሎ ቶሎ የሚያገኙት አማካሪ። ተመራማሪዎች እንደ እኛ ሬሜዲያል የማካካሻ ትምህርት የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው አዩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ፕሮግራሙን ካገኙት 40 በመቶው ተመረቁ፤ ካላገኙት 22 በመቶው ብቻ። ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ብር ይጨምራል፤ ለአንድ ምሩቅ ሲሰላ ግን ይቀንሳል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ማለት ይከብደዋል።

እኛ ጋር በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ሬሜዲያል መጣ፣ የመውጫ ፈተናም መጣ። ጥሩ፤ ግን ፈተና ማን እንደወደቀ እንጂ ለምን እንደወደቀ አይነግረንም።

ኒውዮርክ አይደለንም፣ ገባኝ። የቀረውን ልጅ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው መመደብ ግን ያቅተናል? እስቲ ከእናንተ ዶርም የጎደለውን አስቡት። ማን ጠየቀው?