ቅርስ ጠባቂ ወይስ መቃብር ጠባቂ?

የዛሬው ጽሑፌ ሙግት ነው። ሙግቱም ከማከብራቸው አንድ አንጋፋ ገጣሚ ጋር ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጠቤ ከሐሳባቸው እንጂ ከእርሳቸው አይደለምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወር አንድ ጊዜ በምንሰበሰብበት የግጥም ምሽት ላይ አንዲት ግጥም አነበብሁ። ቤቷ የድሮ የእንጉርጉሮ ቤት ነው፤ ቃላቷ ግን የዕለት እንጀራዬ ናቸው፤ መስኮት፣ ሰልፍ፣ ማኅተም፣ የወር ደመወዝ። ስጨርስ አንጋፋው ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጄ፣ የአባቶችህን የሣር ቤት በቆርቆሮ አትክደን። ወይ አዲስ ሥራ፣ ወይ አሮጌውን ተወው» አሉኝ። ቤቱ ሳቀ። አንድ ወጣት ሊያግዘኝ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የቪዲዮ ጌም እንኳ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይታደስ የለም?» ቢላቸው ነገሩ ባሰ። «እሱ የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ መጫወቻ ይታደሳል፤ ቅርስ ግን አይነካም» ብለው ዘጉት።

በዚያ ምሽት ዝም አልሁ። ታላቅን በጉባኤ ፊት መመለስ አልለመደብኝም። ዝምታዬ ግን ስምምነት አልነበረም። እነሆ መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ የምጀምረውም ከዚያው ከናቁት መጫወቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ታይቶ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሚባል ሰው «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተሰኘውን ጨዋታ አወጣ። ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውት፣ ቁመቱ እንደ ቁም ሣጥን የሆነ ማሽን ነበር። ሰውዬው ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ጨዋታው የሚሠራበትን ዕቃ ጭምር በገዛ እጁ አቀነባበረ። በመጀመሪያ የሰው ወታደሮችን ዒላማ ለማድረግ ታስቦ ነበር፤ ሰውን መተኮስ ግን ነውር ሆኖ ስለታየ ቀረ። በምትካቸው ኦክቶፐስ፣ ክራብና ስኩዊድ ከሚባሉት የባሕር እንስሳት መልካቸውን የወሰዱ የሰማይ ወራሪዎች ተሣሉ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። 55 ወራሪዎች በ5 ረድፍና በ11 ዓምድ ተሰልፈው ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ ጠርዝ ሲደርሱ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወርደው ይመለሳሉ። ተጫዋቹ ከታች አንዲት መድፍ ይዞ፣ ከ4 ምሽጎች ጀርባ እየተሸሸገ ይተኩሳል። ምሽጎቹም በጠላት ጥይት ብቻ ሳይሆን በራሱም ጥይት ይሸረፋሉ። አንድ ወራሪ መሬት ከደረሰ አለቀ። ሁሉንም ቢያጠፋቸው ደግሞ ሌላ ሰልፍ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው መዘግየት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር ልግባ። የዚያ ዘመን ማሽን አቅሙ ደካማ ስለነበር ምስሉ በሚታደስበት በእያንዳንዱ ቅጽበት፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል፣ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ወራሪ ብቻ ነበር። 55ቱ በሙሉ ሳሉ ሰልፉ አንድ እርምጃ እስኪራመድ ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ተጫዋቹ እየገደለ ሲያሳንሳቸው ግን ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። አንድ ብቻ ሲቀር እንደ እብድ ይሮጣል። ይህ መጀመሪያ ላይ ከማሽኑ ድክመት የመጣ ነበር። ኒሺካዶ ግን ድክመቱን አይቶ አላረመውም፤ የጨዋታው ሕግ አድርጎ ተወው። ከሥሩም አራት ድምፆች ብቻ ያሉት፣ እንደ ልብ ትርታ የሚወርድ ምት አለ፤ እርሱም ከሰልፉ ጋር እየፈጠነ ይሄዳል።

ይህን ስሰማ የመጣልኝ የባንክ ሥራዬ ነው። ማታ ላይ የዕለቱን ሒሳብ ስናስታርቅ ያልገጠሙት መዝገቦች ብዙ ሳሉ እንስቃለን፣ ሻይ እንጠጣለን። አንድ ሲቀር ሳቅ ይጠፋል። ሰዓቱም ያን ጊዜ መሮጥ ይጀምራል። ያሳነስነው ነገር በስተመጨረሻ እኛኑ ያሯሩጠናል። አንድ የጃፓን ባለሙያ ይህን እውነት ያለ አንዲት ቃል፣ በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ለጥፎ መናገር ከቻለ፣ እኔ በበኩሌ ሥራውን «መጫወቻ» ብዬ ለመናቅ ድፍረቱ የለኝም።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2008 ያው ታይቶ «ስፔስ ኢንቬደርስ ኤክስትሪም» የሚባለውን ተከታይ በእጅ ለሚያዙት ለኔንቲንዶ ዲ.ኤስ.ና ለፒ.ኤስ.ፒ. አወጣ። እኔ ያገኘሁት ዘግይቼ፣ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ይዞት በመጣ ፒ.ኤስ.ፒ. ላይ ነው። አሮጌውን ቀደም ሲል በቴሌቪዥን በሚሰካ የካሴት ጌም ላይ አውቀው ነበርና ስከፍተው ደነገጥሁ። ከወራሪዎቹ ጀርባ ቀለም ይፈላል፣ ብርሃን ይፈነዳል፣ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ይደልቃል። «ይኸው፣ የሣሩን ቤት በቆርቆሮ!» ብዬ ከአንጋፋው ሰው ቀድሜ የፈረድሁት እኔ ነበርሁ።

ሦስት ሌሊት ከተጫወትሁት በኋላ ግን ፍርዴን ሻርሁ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ተከታዩ የአባቱን መልክ ብቻ አልወረሰም። ወራሪዎቹ የጥንቶቹ ናቸው፤ አሁን ግን ቀለም ቀለም ሆነው ተሰልፈዋል። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን አራት በተከታታይ የመታ ልዩ መሣሪያ ያገኛል። ስለዚህ ተጫዋቹ እንደ ድሮው ያገኘውን ሁሉ መተኮስ ትቶ መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የቱን ልምታ፣ የቱን ላቆይ? በአሮጌውም ቢሆን ጎበዝ ተጫዋች ሰልፉን ከየት በኩል እንደሚያሳንስ ይመርጥ ነበር። ልጁ በአባቱ ቤት ጓዳ ውስጥ የነበረውን ምርጫ ወደ አደባባይ አወጣው።

ሁለተኛ፣ ድምፁ። በአሮጌው ሰልፉ ምቱን ይመራ ነበር። በአዲሱ የተጫዋቹ ተኩስ ራሱ ከሙዚቃው ምት ጋር ይገጥማል፤ እጁ ሲተኩስ ዜማው ውስጥ ይገባል። ያቺ የአራት ድምፅ የልብ ትርታ ሞታ አልተቀበረችም፤ አድጋ ዘፈን ሆነች። ይህን ያደረገው ሰው አሮጌውን ጨዋታ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮው ያጠና ሰው መሆን አለበት።

እንግዲህ ጋሼ፣ «አይነካም» የሚለው ሕግዎ እዚህ ላይ ይሰበራል። ነክተው ያዳኑት አለና።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የቅኔ ቤት ተማሪ ምን ያደርጋል? የጉባኤ ቃናን ሁለት ቤት፣ የመወድስን ስምንት ቤት ልክ ከመምህሩ ይቀበላል። ልኩን ማፍረስ አይችልም። የትናንትናውን ቅኔ ግን ዛሬ ደግሞ ቢያቀርብ ያፍራል፤ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ መሆን አለበትና። መልኩን የሚያስጠብቀውም ማደሱን የሚያዝዘውም ያው አንድ ሥርዓት ነው። ከበደ ሚካኤልስ «ሮሜዎና ዡልየት»ን በአማርኛ ግጥም ሲያቀርቡ የእንግሊዙን ሰው ቤት ቆርቆሮ አለበሱት እንበል? የሮማው ቨርጂል የሆሜርን ጦረኞች ወስዶ የራሱን ከተማ ልደት ሲተርክባቸው ሌባ ነበር እንበል? እንዲህ ብንል በእጃችን የሚቀረው መጽሐፍ ስንት ነው?

«አሮጌው አይነካ» የሚሉ ሰዎች ቅርስን የሚያስጠብቁ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ልዩነት አያለሁ። ቅርስ ጠባቂ በሩን ከፍቶ፣ ቤቱ እንዴት እንደ ቆመ ለሚመጣው ያሳያል። መቃብር ጠባቂ ደግሞ አጥሩን ዘግቶ የመጣውን ሁሉ ያባርራል። ሁለቱም ታማኝ ናቸው፤ አንዱ ግን የሚጠብቀው ሕይወት ያለውን ነገር ነው።

ይህን ስል ለማደስ የተነሣውን ሁሉ አጨብጭቤ አልቀበልም። ሐቀኛ ሙጋች የራሱን ወገን ጉድለት አይደብቅምና ስለ «ኤክስትሪም»ም የማይመቸኝን ልናገር። ጨዋታው ሽልማት ያበዛል። ጥቂት ሲቀናዎት ማያ ገጹ በሙሉ የሠርግ ቤት ይሆናል፤ ነጥብ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በአሮጌው ሰልፍ ፊት የነበረው ብቸኝነት፣ የማይቀረውን የማዘግየት ሐዘን፣ በዚህ ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል። መንገዱም መጨረሻ አለው፤ አለቃውን ገድሎ፣ «ጨረስሁ» ብሎ መነሣት ይቻላል። ኒሺካዶ ግን «ጨረስሁ» የሚል ቃል ለማንም አልሰጠም። እዚህ ላይ ልጁ አባቱን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ፈራ። የገበያ ፍርሃት ይመስለኛል፤ ከፍሎ የገዛን ሰው በሐዘን ማሰናበት ይከብዳል።

ይህ ወቀሳ ግን ከአንጋፋው ሰው ወቀሳ ይለያል። እርሳቸው «ለምን ነካኸው?» ይላሉ። እኔ የምጠይቀው «የነካኸውን ነገር ሕግ አውቀኸዋል ወይ? አውቀህስ አገልግለኸዋል ወይ?» ብዬ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሙግቱን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል፤ ሰውየው መንካቱ ብቻ ይበቃልና። ሁለተኛው ግን ሥራውን አንብቦ፣ አሮጌውንም አንብቦ፣ ጎን ለጎን ማስተያየት ይጠይቃል። ይደክማል። ምናልባት የመጀመሪያው ጥያቄ የሚወደደው ድካም ስለሌለው ይሆን?

ስለ እኔ ግጥምም በዚሁ ሚዛን ይፈረድልኝ። የእንጉርጉሮ ሕግ ምንድን ነው? ሰው ብቻውን ሆኖ፣ እጁ በሥራ ተይዞ፣ ለራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወጣው ነው። ወፍጮ ላይ የተቀመጠች እናት እንደምታንጎራጉር፣ ብር የሚቆጥር ሰውም በሆዱ ያንጎራጉራል። የእኔ ግጥም ይህን ሕግ ከጠበቀች ቤቷ የራሷ ነው፤ «ማኅተም» የሚል ቃል ስለገባባት አይፈርስም። ካልጠበቀች ደግሞ ይጣሏት፤ ግን አንብበው ይጣሏት። ጋሼ፣ እርስዎ የጣሏት ገና «መስኮት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነው፤ ፊትዎን አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለራሴ ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝምታዬን እመርጥ ነበር። እኔ ሠላሳዎቹን ዓመታት ይዣለሁ፤ የባንክ ደመወዝ አለኝ፤ ግጥሜ ብትወድቅ እራት አላጣም። ያ ሊያግዘኝ የሞከረው ወጣት ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። በኪሱ የታጠፈ ወረቀት ይዞ እንደመጣ፣ ሳያነብበውም እንደሄደ አይቻለሁ። በወረቀቱ ላይ ምን እንደነበር አላውቅም። የድሮ ቤት ላይ የተሠራ አዲስ ነገር ከነበረ፣ ያን ቀን ፍርዱን ሰምቶታል።

ጋሼ፣ የእኛ ጉባኤ በየወሩ ያንሳል። ስንጀምር ወንበር ይጎድል ነበር፤ አሁን ወንበር ይተርፋል። ባነስን ቁጥር ደግሞ ጊዜው እየፈጠነብን ነው፤ ወሩ ደረሰ ሲባል ያልፋል። ይህን ሕግ ከመጫወቻ ነው የተማርሁት። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፤ በሚመጣው ወር ያን ልጅ በስሙ ጠርተው ያምጡት። አስቀድመው አይፍረዱበት፤ ያንብብ። ከዚያ በኋላ ሕጉን ስቶ ከሆነ እኔም ከእርስዎ ጋር ሆኜ እወቅሰዋለሁ።

እስከዚያው ድረስ ይህችን አራት መስመር ይያዙልኝ። ቤቷ የድሮ ነው፤ ነገሯ ከየት እንደመጣ ግን አሁን ያውቃሉ።

ሲበዙ ዘገዩ፥ ሲያንሱ ፈጠኑብኝ፤
የቆጠርኩት ዕድሜ ዞሮ ቆጠረብኝ።
አባት ተኩሶበት ያልጨረሰው ሰልፍ
ለልጅ ይሻገራል ቀለም ለውጦ ሲያልፍ።

ቸር እንሰንብት።