ከሻንጣ የሚወጣው ፕሮባዮቲክ የጨጓራ ባክቴሪያን ያጠፋል?

ቦሌ ኤርፖርት እንግዳ ለመቀበል ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ድሮ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ "አምጣልኝ" የሚባለው ጫማና ስልክ ነበር። አሁን "ፕሮባዮቲክ" የሚባል ብልቃጥም ተጨምሯል። ለምን ስትሉ፣ "ጨጓራዬ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ" ነው መልሱ።

ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ነው። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ተገኝቷል። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው አብሮት ይኖራል። አንዳንዱን ግን ጨጓራውን ያቆስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ ሐኪም ሕክምና ካዘዘላችሁ ነገሩ የዋዛ አይደለም።

ችግሩ ሕክምናው ራሱ ማድከሙ ነው። እኛ ጋ በብዛት የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን በአንድ ላይ ነው። በተለመደው አወሳሰድ ቁጠሩት፦ በቀን 8 ፍሬ፣ በ14 ቀን 112 ፍሬ! አፍ ይመራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ተቅማጥ ይመጣል። አምስተኛው ቀን ላይ "ተሽሎኛል፣ በቃኝ" ብሎ የሚያቆም ሰው መቼም ሁላችንም እናውቃለን። የተረፈው ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ይፈለግላቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው ባክቴሪያዎች አንዱ ክላሪትሮማይሲንን የተላመደው ኤች ፓይሎሪ ነው።

ፕሮባዮቲክ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አንቲባዮቲክ ክፉውን ከደጉ አይለይም፤ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተህዋስያንም አብሮ ይጠርጋል። ፕሮባዮቲክ ማለት ደግሞ ጠቃሚ የሚባሉ ሕያው ተህዋስያን ናቸው። አንዳንዶቹ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የሚባለው እርሾ፣ ተቅማጡን እንደሚቀንሱ ጥናቶች አሳይተዋል። ሆድ ካልተረበሸ ሰው 14ቱን ቀን የመጨረስ ዕድሉ ይሰፋል። ጥቅሙ በቃ ይሄው ነው። ብቻውን ተወስዶ ኤች ፓይሎሪን የሚያጠፋ ፕሮባዮቲክ የለም፤ ቲክቶክ ላይ የፈለገው ቢባል።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት መግባቢያ የጎንዮሽ ጉዳትን የሚቀንሱት የተወሰኑ ዓይነቶች ብቻ ናቸው አሉ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2024 መመሪያው ደግሞ ውሰዱ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል።

እንግዲህ ወደ ኪሳችን እንምጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። የፕሮባዮቲክ ብልቃጥ ገዝቶ አንቲባዮቲኩን በግማሽ መውሰድ፣ በእኛ እይታ፣ ገንዘብንም ጤናንም ማባከን ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ መጀመሪያ የታዘዘው መድኃኒት ሙሉውን ይገዛ። ዘመድ በነፃ ካመጣላችሁም ብልቃጡን አገላብጣችሁ እዩት፤ የተህዋሱ ስም ተጽፏል? ፍሪጅ ይፈልጋል? ፍሪጅ የሚፈልገው ሻንጣ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ከሆነ በሕይወት መድረሱን እንጃ። ባክቴሪያ ያለበት ከሆነ ከአንቲባዮቲኩ ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቁት። እርሾው በአንቲባዮቲክ አይሞትም። የሰውነት መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።

"እርጎስ?" የሚል አይጠፋም። እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው፤ ግን የትኛው ዓይነት፣ ስንት እንደሆነ ከቤት ቤት ይለያያል። ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። እንጀራም ሊጡ ይቦካል እንጂ ምጣድ ላይ ባክቴሪያው ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር አለ፦ ድጋሚ ምርመራ። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞሉን ለ2 ሳምንት አቁማችሁ፣ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ አሠሩ። የደም ምርመራው ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለወራት "አለ" ሊል ስለሚችል፣ እሱን ይዛችሁ ሌላ 112 ፍሬ እንዳትጀምሩ።